ወዳጅም ጠላትም የተደረገው ተዋናይ

በድርጊት ፊልም ውስጥ ጠላት መኖሩ ግድ ነው። ጀግናው የሚያሳድደው፣ በመጨረሻም የሚጥለው ሰው ከሌለ ታሪኩ አይራመድም። ጥያቄው ግን ያ ጠላት ማን እንዲሆን የሚወስነው ማነው የሚለው ነው። ለዚህ የአንድ ተዋናይ የሥራ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል።

አርት ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1952 በፓኪስታን ባሃዋልፑር ተወልዶ በእንግሊዝ ያደገ ሰው ነው። በ1984 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በቀረበው «ዘ ጁወል ኢን ዘ ክራውን» ሀሪ ኩማር የተባለውን ህንዳዊ ወጣት ሆኖ ተጫውቶ ታወቀ። በ1987 ደግሞ «ዘ ሊቪንግ ዴይላይትስ» በተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ካምራን ሻህ የሚባል የአፍጋን ሙጃሂድ ሆነ። ካምራን በኦክስፎርድ የተማረ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ውለታ የማይረሳ ሰው ነው። ተዋጊዎቹን አስከትሎ የሶቪየትን የአየር ጣቢያ ሲያጠቃ የተመልካቹ ልብ ከእርሱ ጋር ነው። በተከታዩ ዓመት የወጣው «ራምቦ 3»ም ሲልቬስተር ስታሎንን ከሙጃሂዶች ጎን አሰለፈ።

ከዚያ በኋላ ዓለም ተለወጠ። በ1989 የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን ወጣ፤ በ1991 ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። ሆሊዉድም የለመደውን ጠላት አጣ። በ1994 ጄምስ ካሜሮን «ትሩ ላይስ»ን ሲያቀርብ አርኖልድ ሽዋርዜኔገርን የሚገጥመው ያው አርት ማሊክ ነበር። አሁን ስሙ ሳሊም አቡ አዚዝ፣ ቡድኑም «ቀዩ ጂሃድ» ነው።

ፊልሙ በሙያ ረገድ የተዋጣለት መሆኑን መካድ አይገባም፤ ከ370 ሚሊዮን ዶላር በላይም አስገብቷል። ነገር ግን ካምራን የነበረውን ሰብአዊነት አዚዝ ዘንድ ብንፈልግ አናገኘውም። አገሩን አናውቅም፤ ቤተሰቡን አናይም፤ ይጮኻል፣ ይማታል፣ ያስፈራራል። አንድ ጊዜ ብቻ በቪዲዮ ካሜራ ፊት ቆሞ በሴቶችና በሕጻናት ላይ ስለወረደው ቦምብ ይናገራል። ወዲያው ግን የካሜራው ባትሪ ያልቅና ንግግሩ መሳቂያ ይሆናል። የሰውየውን ድርጊት ማውገዝ ተገቢ ነው፤ ንጹሐንን መግደል በዲናችን ሐራም ነውና። ዳሩ ግን ቅሬታው ራሱ መቀለጃ ሲደረግ፣ የሞቱት ሕጻናትም አብረው ይቀለድባቸዋል።

እርግጥ ዐረቡን አሸባሪ አድርጎ ማሳየት በ1994 አልተጀመረም። በ1986 በወጣው «ዘ ዴልታ ፎርስ» የሊባኖሱን ጠላፊ የተጫወተው አሜሪካዊው ሮበርት ፎርስተር ነበር። በ«ትሩ ላይስ» ውስጥም ፈይሰል የሚባል፣ ለአሜሪካ መንግሥት የሚሠራ ሰው አለ። ይሁንና የእርሱ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ፊት የአዚዝን ነው።

ተዋናዩን ለመውቀስ መቸኮል አይገባም። ተዋናይ በቀረበለት ጽሑፍ ይሠራል፤ ጽሑፉን የሚያቀርበውም ሌላ ነው። ማሊክ ከ2003 እስከ 2005 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን «ሆልቢ ሲቲ» ላይ ዙቢን ካን የሚባል ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። በዚያ በሽተኛ የሚረዳ፣ የሚያፈቅርና የሚሳሳት ሙሉ ሰው ነው። ስለዚህ ጉድለቱ ከተዋናዩ ችሎታ አልነበረም።

ለእኛ ቤት ጉዳዩ ከባድ ነው። ልጆቻችን ሳሊም የሚባል ዘመድ፣ አዚዝ የሚባል ጎረቤት አላቸው። ጂሃድ የሚለውንም ቃል ነፍስን ከመጥፎ ምኞት መታገልን ጭምር እንደሚያመለክት ከኡስታዛቸው ይሰማሉ። ፊልሙ ግን ስሙንም ቃሉንም ከቦምብ ጋር አስሮ ያቀርብላቸዋል። ልጅ ደግሞ በጀግናው ቦታ ራሱን አስቀምጦ ነው የሚያየው፤ በዚህ መንገድ የራሱን ስም መጥላት ሊማር ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ቴሌቪዥኑን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ከጓደኛው ቤት ያየዋል። ይልቁንስ አብራችሁት ተቀመጡና ጠይቁት። ጠላቱ ማን ይባላል? ከየት መጣ? ምን ይፈልጋል? እናቱስ የት አለች? ፊልሙ ለእነዚህ መልስ ከሌለው፣ ያሳየን ሰውን ሳይሆን ዒላማን መሆኑን ልጁ በራሱ ይረዳል። ወሬን ሳያጣሩ አለመቀበል የታዘዝነው ለጆሯችን ብቻ አይደለም፤ ለዓይናችንም ነው።

ወላሁ አዕለም።