ደረት ውስጥ የገባች ዕጢ

ከመርሳና ከሀብሩ ገጠሮች ወደ ወልድያ የሚላኩ የእንቅርት ታካሚዎች እጄን አሠልጥነውታል። እንቅርት ሲወጣ ከጀርባው ያሉትን አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከነደም ሥራቸው ማትረፍ ግድ ነው፤ ከተጎዱ ካልሲየም ይወርዳል፣ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጣት ይኮማተራል። እያንዳንዷ ምስር ብታክል ነው፤ ክብደቷም ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም። ለጀማሪ ዓይን ስብ ትመስላለች። ስቡ ግን ቢጫ ነው፣ እሷ ወደ ቡናማ ታደላለች፤ በመቆንጠጫ ጫፍ ቀስ ብለው ሲነኳት ስቡ ውስጥ ትንሸራተታለች።

ከአራቱ አንዷ አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ እብጠት) ስትሆን ደግሞ ፈልገን የምናወጣት እሷን ነው። ሆርሞኗ ሲበዛ አጥንት ካልሲየሙን ይለቃል፣ ኩላሊት ጠጠር ይቋጥራል። ታማሚው ግን «ቁርጥማት ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፉታል። ጠጠር የተመላለሰበትን ሰው ካልሲየሙን ሳትለኩ አትሸኙት እላለሁ ለወጣት ሐኪሞች። ካልሲየሙም ሆርሞኑም አብረው ከፍ ካሉ በሽታው በአብዛኛው በደም ታወቀ ማለት ነው፤ ስካን የሚታዘዘው የዕጢዋን ቦታ ለማግኘት ነው።

ቦታዋ ነው አስቸጋሪው። የታችኞቹ ሁለቱ በፅንስ ጊዜ ታይመስ ከሚባለው የደረት ዕጢ ጋር አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አንዳንዴ አንገት ላይ መቆም ሲገባቸው አልፈው ደረት ይገባሉ። አሜሪካዊው የመርከብ ካፒቴን ቻርልስ ማርቴል አጥንቱ እየተሰባበረ፣ ቁመቱ እያጠረ ስድስት ጊዜ ተከፍቶ ምንም አልተገኘበትም። በ1932 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና ዕጢዋ ደረቱ ውስጥ ተገኘች። ኩላሊቱ ግን ቀድሞ ተጎድቶ ስለነበር ከሳምንታት በኋላ ሞተ። ይህን ታሪክ ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ዛሬ በሴስታሚቢ ስካንና በሲቲ ቀድሞ መፈለግ ይቻላል።

ስለዚህ ቦታዋ ሳይታወቅ ደረት መክፈትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ደረት ከገቡት ዕጢዎች ብዙዎቹ ታይመሱን በአንገት በኩል ወደ ላይ በመሳብ ይወጣሉ፤ ጠልቀው ከትልቁ ደም ቅዳ አጠገብ ያረፉት በካሜራ በሚሠራ የደረት ቀዶ ሕክምና፣ ካልሆነም የደረት አጥንት ተከፍሎ ነው። ሆርሞኑ ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ ዕጢዋ በወጣች በ10 ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ በላይ ከወረደ ትክክለኛዋ ወጥታለች።

ለእንዲህ ዓይነቱ የደረት ቀዶ ሕክምና ታካሚው የሚላክባት አዲስ አበባ ከወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ታካሚው ሲመለስ የተራበ አጥንቱ ካልሲየሙን ከደም ይመጥጣል፤ ኪኒኑን ሳያቋርጥ እንዲወስድ፣ ከንፈሩ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንዲያደርሱት ለቤተሰቡ ደጋግሜ እነግራለሁ።