የማን ንግሥ ነው?

ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የእንግሊዙን የቻርልስ ሣልሳዊን ንግሥ በቀጥታ ያሳያል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው ለዘውድ ብሎ የመጣ አይደለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንቸስተር ሲቲ ከሊድስ ይጋጠማል፤ ወንበር ለመያዝ ቀድሞ የመጣ ነው። ቢሆንም በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ዓይን ይይዛልና ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ያያል።

ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ሻያቸውን ረስተውት ቀዝቅዟል። «እንዲህ ነበርን እኮ!» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። አጠገባቸው የነበረው ወጣት አላስጨረሳቸውም። «አባባ፣ እነዚህ እኮ የዘረፉን ናቸው! ዘራፊ ሲነግሥ ቁጭ ብሎ ማየት ምን የሚሉት ነገር ነው? ኧረ ቻናሉን ቀይሩልን!» ከወዲያ ጥግ ሌላው መለሰለት፤ «ተወው ባክህ፣ ፊልም ነው። ኳሱ እስኪጀምር በነጻ ፊልም እንይበት።» በሩ አጠገብ ቡና የሚያፈሉት እናት ደግሞ ከወሬው የሰሙት «ንግሥ» የሚለውን ብቻ ኖሮ ቀና ብለው ጠየቁ። «ዛሬ እኮ አማኑኤል ነው። የማን ንግሥ ነው? የትኛው ደብር?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ ያልወጣው የእሳቸው ጥያቄ ነው። «ንግሥ» የሚለው ቃላችን መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከዙፋን ከወረዱ ወዲህ ግማሽ ሥራውን አጥቷል። የሚነግሥ ሰው ስለሌለ ቃሉ ለታቦት ቀረ። ጎንደር ላይ «ነገ ንግሥ ነው» ከተባላችሁ ነጭ ለብሳችሁ ወደ ደብሩ ትሄዳላችሁ እንጂ ዘውድ ወደ ሐሳባችሁም አይመጣ።

በመጀመሪያ ከአባታችን ልጀምር። «እንዲህ ነበርን» ያሉት ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ መርጦ ያስታውሳል። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማውን ቆረቆሩ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ1723 ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ለመግዛት ዘውድ ደፉ። ይኼ የምንኮራበት ነው። ነገር ግን በዚያው ግቢ ከ1771 እስከ 1792 ባለው ጊዜ ውስጥ አንዱ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ወርዷል። «ፍጻሜ መንግሥት» የተባለውም በዚህ ነው። የከተማው ሰው ስንተኛው ላይ ወጥቶ እልል እንዳለ፣ ስንተኛው ላይ «ደግሞ ጀመሩ» ብሎ በሩን እንደዘጋ እንጃ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አገር፣ ራሶቹ ንጉሥ እንደ ወንበር ሲያነሱና ሲያስቀምጡ ያየ አገርም ነው።

ዘውድ ሲደፋ ማየት ለካ የሚያየው ሰው የቆመበት ቦታ ጉዳይ ነው። ለዚህ ከደረስጌ ማርያም የተሻለ ምስክር አላውቅም። ከደባርቅ አልፎ በሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ጃናሞራ ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ግንባታውን ረድቷቸዋል። ውቤ የሚነግሡባት ደብር ተዘጋጀች። ዘውድ የሚጭነውንም ጳጳስ፣ አቡነ ሰላማን፣ ከግብፅ ያስመጡት እሳቸው ነበሩ። ድግሱ ሁሉ ተሰናድቶ ሲያልቅ በየካቲት 1847 ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን በጦርነት ድል አድርጎ ማረከ። ከዚያም በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ በውቤ ጳጳስ እጅ ተቀብቶ «ቴዎድሮስ፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተባለ። ያን ቀን ከካሣ ወታደሮች ጋር የቆመው ሰው ያየው ሌላ፣ ከተሸነፈው ከውቤ ወገን የቆመው ያየው ሌላ ነው። ውቤ ራሳቸውስ እስረኛ ሆነው ምን ብለው ይሆን?

ፒያሳ ተቀምጠን ለንደን ያለውን የቤተ መንግሥት በረንዳ በስም እናውቃለን። ደረስጌን የረገጠ ግን ከመካከላችን ስንት ይሆን? መንገዱ ከባድ ነው፤ ይገባኛል። ግን መንገዱ ብቻ አይመስለኝም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ሲነግሡ ነገሩ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሆነ። የእንግሊዝ ንጉሥ ልጁን የግሎስተርን መስፍን ላከ፤ ይኸው ሰው የአሁኑ ንጉሥ እናት አጎት ነው። ጋዜጠኛው እንግሊዛዊ ኤቭሊን ዎ መጥቶ አይቶ፣ ተመልሶ በመጽሐፍ ተሳለቀበት። የዚያው ንግሥ ፎቶግራፍ ጃማይካ ሲደርስ ግን የድኻ ሰፈር ሰው ጥቁር ንጉሥ በወርቅ ዘውድ ተቀምጦ አየ። ሊዮናርድ ሃውል የሚባል ሰባኪ ፎቶውን እየሸጠ ሰበከ፤ ራስታፈሪ ተወለደ። ዎ ከመቀመጫው ሆኖ ቀልድ አየ። ጃማይካዊው ባሕር ማዶ ሆኖ፣ በወረቀት ላይ፣ ነጻነቱን አየ። ከሁለቱ የተሻለ ያየው ማነው ብትሉኝ እኔ ለጃማይካዊው እፈርዳለሁ፤ ምንም እንኳ ንጉሡ እዚህ ለእኛ የነበሩትን ሁሉ ባያውቅም። ሲያይ የራሱን ጉዳይ ይዞ ነበራ!

እንግሊዞቹ ራሳቸው አንድ ሆነው ያዩ እንዳይመስላችሁ። በ1945 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ስትነግሥ ካሜራ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይግባ አይግባ ተብሎ ተከራክረዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችልም በመጀመሪያ አልወደዱትም። በኋላ ተፈቅዶ 27 ሚሊዮን ያህል የአገሪቱ ሰው በቴሌቪዥን አየ። በቻርልስ ጊዜ ደግሞ በየቤቱ የሚያየው ሰው ጭምር ድምፁን አሰምቶ ታማኝነቱን እንዲምል ታስቦ ነበር። ተቃውሞው ሲበረታ ጥሪው ለዘብ ተደርጎ ቀረበ። (ፒያሳ ያለነውን እንደማይጨምር ተስፋ አደርጋለሁ።) በዚያው ጠዋት «ንጉሤ አይደለም» የሚል ሰሌዳ ሊያነሱ የወጡ የሪፐብሊክ ደጋፊዎች መንገድ ላይ ተያዙ፤ መሪያቸው ያለ ክስ ተለቀቀ፣ ፖሊስም አዝናለሁ አለ። ማታ ላይ አንፊልድ ሊቨርፑል ከብሬንትፎርድ ሊጫወት ሲል ብሔራዊ መዝሙሩ ተከፈተ። ደጋፊው በፉጨትና በጩኸት አዋከበው። ካፌው ውስጥ ቀን ዘውዱን ያየ ሰው አምሽቶ ከሆነ ፉጨቱንም እዚያው ስክሪን ላይ ሰማ ማለት ነው።

ስለዚህ «ፊልም ነው» ያለው ወዳጃችን አልተሳሳተም፤ ትርኢት መሆኑን ባለቤቶቹም አይክዱም። እሱን አልፈዋለሁ። በዚያ ሚያዝያ የክልሉ ከተሞች በልዩ ኃይሉ ጉዳይ በተቃውሞ ተናውጠው ገና አንድ ወር ቢሆናቸው ነው፤ ለአንድ ከሰዓት ሐሳቡን ሊያሳርፍ የፈለገ ሰው አይወቀስም።

ጠቤ ከወጣቱ ጋር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የምቀርበው ለእሱ ስለሆነ ነው የምጣላው። ቁጣው ልክ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ ብራናውን፣ ታቦቱን ሳይቀር ጭኖ ሄዷል። ግን ወጣቱ ያቀረበው መፍትሔ «ቻናሉን ቀይሩ» ነው። ማኅበራዊ ሚዲያውም በዚያ ሰሞን ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ያየ ሰው ባንዳ፣ ያላየ ሰው አርበኛ። እኔ የምለው፣ የተዘረፈ ሰው የዘራፊውን ቤት በር ተከፍቶ ሲያገኝ ዓይኑን ይጨፍናል እንዴ? እንዲያውም አንገቱን አስግጎ ነው ማየት ያለበት፤ ዕቃው የት እንደተቀመጠ ለማወቅ።

ዕቃው ደግሞ እዚያው ነበር። ወጣቱ ቀይሩት ያለው ስክሪን የሚያሳየው ቤተ ክርስቲያን፣ ዌስትሚንስተር አቤይ፣ ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት አለበት። በሄንሪ ሰባተኛ ስም በሚጠራው የእመቤታችን ጸሎት ቤት፣ መንበሩ ውስጥ ታሽጎ። ንጉሡ ቅብዐ ቅዱስ ሲቀባ በሦስት በኩል መከለያ ተደርጎበት ከካሜራ ተሰወረ። ካፌው ውስጥ ያ ለማንም አልገረመው፤ መጋረጃ ለምን እንደሚጋረድ የጎንደር ሰው አስተማሪ አያሻውም። ከዚያ መጋረጃ ራቅ ብሎ፣ ጭራሽ ዓይን ሊያየው የማይገባው ታቦታችን፣ ካህን ሳያጥነው፣ እልልታ ሳይሰማ፣ በባዕድ ንግሥ መሐል ተቀምጧል። የቡናዋ እናት «የማን ንግሥ ነው? የትኛው ደብር?» ሲሉ እኛ ሳቅን። ከመካከላችን አንድ ሰው ይህን ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ የሚስቅ አይኖርም ነበር። የአቤይው አስተዳዳሪዎች ታቦቱ ቢመለስ ተገቢ መሆኑን በመርህ ደረጃ የወሰኑት በ2016 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ሳምንት የሰማኋቸው የአማርኛ ዘገባዎች ስለ ዘውዱ ክብደት፣ ስለ እንቁው፣ ስለ እንግዶቹ አለባበስ ነገሩን። ከዚያው ከተማ ሳይወጡ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ የወርቅ ዘውድ እንዳለ የነገረኝ አልነበረም። ምንትዋብና ኢያሱ ለጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እንደሰጡት የሚታመን፣ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ የወሰዱት፣ ከዚያ ደግሞ እንግሊዞች የወሰዱት። ቁስቋም እኮ ከፒያሳ በባጃጅ የሚደረስ ነው! ሙዚየሙ በ2010 «በረጅም ጊዜ ውሰት ልስጣችሁ» ብሏል። ባለቤቱ የራሱን ዘውድ ይዋስ፣ መሆኑ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጡ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም መልሰዋል፤ መመለስ ሲፈልጉ ውሰት የሚባል ነገር አልተነሣም።

ስለ ሊድስም አንድ ነገር አለኝ። ያ ሁሉ ሰው ወንበር ይዞ የጠበቃት የኳስ ከተማ፣ የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሞተባት ናት። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ፤ ደረስጌን አያቱ አሠሩት፣ አባቱ ነገሡበት። በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በመስከረም 2015 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲቀበሩ በቀጥታ ያየነው ቦታ ማለት ነው፤ ያኔም ሻይ እየጠጣን ነበር። ንግሡ በሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት 2015፣ ቤተ መንግሥቱ አጽሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጠ፤ አጠገቡ ያረፉትን የብዙ ሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ እሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። በመስከረም 2016 ከልዑሉ ራስ የተቆረጠ ጥቂት ፀጉር፣ አሳዳጊው የነበረው የመኮንኑ ዘመዶች ጠብቀው ያቆዩት፣ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። አጽሙ አሁንም ዊንዘር ነው።