ውዳሴ ለቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላ

ሰላም ለኪ፣ ቴሬዛ ዘአቪላ፤ በካስቲያ አምባ የፈነዳሽ የቀርሜሎስ አበባ!

እ.ኤ.አ. በ1515 ተወለድሽ። ገና በሕፃንነትሽ ወንድምሽን ሮድሪጎን ይዘሽ ለሰማዕትነት ወደ ሙስሊሞች አገር ልትሄጂ ከቤት ወጣሽ፤ አጎታችሁም ደርሰው መለሷችሁ። አክሊሉ ግን አልቀረብሽም፤ ያለ ሰይፍ፣ በደዌና በትዕግሥት ተቀዳጀሽው። በሃያ ዓመትሽ ገዳም ገባሽ፤ ሕመም ጥሎሽም አራት ቀን እንደ ሙት ተጋደምሽ፤ መቃብርሽ ተማሰ። ብትነሺም እግሮችሽ ለዓመታት አልታዘዙልሽም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ሌላው መከራሽ ነው። ለብዙ ዘመን ጸሎት ደርቆብሽ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ደወል እየጠበቅሽ ጸናሽ። ይህንንም ሳትሸሽጊ በገዛ እጅሽ ጻፍሽው። ስለዚህ ጸሎት ከሚወደን ጋር ለብቻ ተቀምጦ መጨዋወት መሆኑን ስታስተምሪን እናምንሻለን። ነፍስን የአትክልት ስፍራ አድርገሽ አሳየሽን፦ ጀማሪው ውኃውን ከጉድጓድ በድካም ይቀዳል፤ የበረታው በመዘውር ያወጣል፤ ቀጥሎ ወንዙ ራሱ ያረሰርሳታል፤ በመጨረሻ ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል፣ አትክልተኛውም ዝም ብሎ ያመሰግናል።

ብዙዎች መልአኩ በእሳታማ ፍላጻ ልብሽን መውጋቱን ያወሳሉ፤ ዕፁብ ነው! አንቺ ግን በ1577 ስለ ነፍስ ሰባት ማደሪያዎች ስትጽፊ፣ በሰባተኛው ዕረፍት የሚጠብቀውን አንባቢ ወደ ሥራ ላክሽው። ያስተማርሽውንም አስቀድመሽ ፈጽመሽዋል፤ በ1562 የቅዱስ ዮሴፍን ገዳም በድህነት መሠረትሽ፤ ዮሐንስ ዘመስቀልን አጋርሽ አድርገሽ የቀርሜሎስን የምንኩስና ሥርዓት አደስሽ። የታመመ ሰውነትሽን በበቅሎ ጋሪ ጭነሽ፣ ከቶሌዶ እስከ ሴቪያ፣ ከሳላማንካ እስከ ቡርጎስ በጭቃና በሐሩር ተመላለስሽ፤ 17 ገዳማተ ደናግልንም አቆምሽ። የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንደራሴ ዕረፍት የለሽ ዘዋሪ ሴት ብለው ነቀፉሽ፤ የሃይማኖት መርማሪዎች የሕይወት ታሪክሽን መጽሐፍ ወሰዱ፤ ታትሞም ሳታዪው በ1582 በአልባ ዴ ቶርሜስ ዐረፍሽ። ዝም ልትሰኝ የተፈለገችውን እናት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1970 የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብለው ሰየሙ፤ ከሴቶች ወገን ይህ ማዕርግ የተሰጣት የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።

እምነ ቅድስት ሆይ፣ ዛሬም በደረቀ ልብ ተንበርክኮ ደወል የሚጠብቀውን ሁሉ በምልጃሽ አስቢው፤ ሳይታክት እንዲቀዳ ጸልዪለት።