ወጋየሁን ማፍጠን

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙዎቻችን ያወቅነው በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። ዛሬ ያው ትረካ ዩቲዩብ ላይ አለ። በስደት ያለነው መኪና እየነዳን፣ ዕቃ እያጠብን፣ ሌሊት ፈረቃ ላይ ሆነን እንሰማዋለን። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ድሮም ቢሆን ሬዲዮ ሥራ አላስፈታም፤ ቡና እየተቆላ ይደመጥ ነበር።

ቅሬታዬ ፍጥነቱ ላይ ነው። ትረካውን በአንድ ተኩል፣ አልፎም በእጥፍ ፍጥነት የሚሰሙ ወዳጆች አሉኝ። «ታሪኩ መቼ ያመልጠኛል?» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ታሪኩ አያመልጣቸውም። የሚያመልጣቸው ወጋየሁ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት በቃሉ ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በፊት በሚወስደው ትንፋሽ ጭምር ይነግረናል። ትረካው ሲፈጥን ፊታውራሪውም፣ ፊታውራሪውን የሚተቸው ጉዱ ካሳም፣ ሁለቱም ባቡር ሊያመልጣቸው የደረሰ ሰዎች ይመስላሉ።

አንድ የታወቀ ቀልድም አለ፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሞባይል ቢኖራቸው ልብ ወለዱ በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር የሚል። ያስቃል፤ እንደ ንባብ ግን ስህተት ነው። በርግጥ ስልክ ቢኖራት በመጨረሻው ጉዞ የት እንዳለ ታውቅ ነበር። የሰብለን ዕድሜ የበላው ግን የመንገድ ርቀት አይደለም። ዓመቶቿ ያለፉት አባቷ ለዘሯ የሚመጥን ጠፋ እያለ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልስ ነው። በዛብህንም ያሰረው የወላጆቹ ስለት ነው። የዘር ቆጠራንና ስለትን የሚያሳጥር ስልክ የለም።

ሐዲስ ያንን መጠበቅ ቆርጦ አልጣለልንም። ንግግሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዶቹ፣ በተለይ የጉዱ ካሳ፣ እኔንም ያታክቱኛል። ቢሆንም ያ ርዝመት አንባቢውን ሰብለ የተቀመጠችበት ቤት ውስጥ ያስቀምጠዋል። በእጥፍ ፍጥነት የሚሰማ ሰው ዓመታቱ እንዳለፉ ይሰማል እንጂ አብሯት አይቀመጥም።

የሬዲዮው አድማጭ የሚቀጥለው ክፍል እስኪተላለፍ መጠበቅ ነበረበት፤ በዚያ መሃል ስለ በዛብህ ዕጣ ከጎረቤቱ ጋር መከራከሪያ ጊዜ ያገኛል። ለእኛ ቀጣዩ ክፍል ራሱ ይጀምርልናል። አንዱን ወዳጄን በተረፈው ሰዓት ምን እንደሠራበት ጠይቄው ነበር። ሌላ ትረካ ጀምሯል፤ እሱንም በእጥፍ።