ሰበር ዜና፦ ሀዋሳ አለች

ጥር ወር 2008 ዓ.ም.፣ እሁድ ማታ ነው። ሀዋሳ ቤቴ ውስጥ ጋደም ብዬ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። ድንገት ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። አልጋው እንደ አሞራ ገደል ጀልባ ወዝወዝ አለ። «በስመ አብ!» ብዬ እስክነሣ አለቀ። ጥቂት ሰከንድ ቢሆን ነው። ደጅ ስወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋቢውን እንደ ደረበ መንገድ ላይ ቆሟል። ተጠያየቅን፣ ተጽናናን፣ «ደግሞ ይመለስ ይሆን?» እየተባባልን ትንሽ ቆየንና ገብተን ተኛን።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ያሉት አክስቴ ናቸው።

«አንተ! አለህ?»

«አለሁ እትዬ፤ ምነው?»

«ሀዋሳ ወደመች አይደል እንዴ!»

«ማን አለዎት?»

«የጎረቤቴ ልጅ ከስልኩ ላይ ዜና አነበበልኝ። ሌሊቱን ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ። ሳለቅስ አደርኩ።»

«እትዬ፣ ከተማዋ ቦታዋ ላይ ናት። የወደመው አንድ ብርጭቆ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ግን እንባ ነበረበት። ደም ግፊት ያለባቸው ሰው ናቸው። ያችን ሌሊት ማን ይመልስላቸዋል? ዜናውን የጻፈው ሰው እንደሆነ እሳቸው ሲያለቅሱ እሱ ሌላ «ሰበር» ፍለጋ ሄዷል።

እውነቱ ምን ነበር? በሬክተር ስኬል ከ5 በታች የሆነ ርዕደ መሬት ነው። ከተማዋን አላፈረሰም። ነገር ግን የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጎድተዋል። ብዙዎቹን የጎዳቸው የወደቀ ግድግዳ አይደለም፤ በድንጋጤ ለማምለጥ ሲሯሯጡና ከፎቅ ሲዘሉ የደረሰባቸው ጉዳት ነው። እንግዲህ ዜናው ይኼ ነበር! «መሬት ስትንቀጠቀጥ ከፎቅ አትዝለሉ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ከመስኮት ራቁ» የሚል አንድ አንቀጽ ቢታከልበት ደግሞ ነፍስ ያድን ነበር። «ወደመች» የምትለዋ ቃል ግን አጭር ናት፣ ትጮኻለች፣ ትሸጣለች። ሰዉን የጎዳው ድንጋጤ ሆኖ ሳለ ዜናችን ድንጋጤን በየቤቱ ማከፋፈል ያዘ።

ማጋነኑ ይቅርና ጥቃቅኑን ስሕተት ተመልከቱ። በቅርቡ አንድ ጽሑፍ ላይ «በ2016 በሀዋሳ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚል አነበብኩ። በ2016 እዚሁ ነበርኩ፤ ምንም አልተንቀጠቀጥኩም! ጸሐፊው ከእንግሊዝኛ ሲገለብጥ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ረስቷት ነው። ሦስት ፊደል ጎደለችና ስምንት ዓመት ተዛነፈ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ፈረንጅ «9 ሰዓት ማታ» ያለው ለእኛ 3 ሰዓት መሆኑን ረስቶ የምሽቱን ወሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚያደርገው ስንቱ ነው! ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆኖ፣ የቀድሞው ደቡብ ክልል ስሙ ራሱ በ2015 ዓ.ም. ቀርቶ፣ ዛሬም «የደቡብ ክልል መዲና ሀዋሳ» ብሎ የሚጽፍ አለ። «4 ይሁን 5 ምን ለውጥ አለው?» የሚልም ይኖራል። በርዕደ መሬት መለኪያ ግን የአንድ ቁጥር ልዩነት ማለት ኃይሉ 32 እጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። አንዱ ብርጭቆ ያንኳኳል፣ ሌላው ጣሪያ ያወርዳል።

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዶፋን ተራራ አካባቢ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት፣ ጋዝና አቧራ ወደ ላይ ተወረወረ። ወዲያው «እሳተ ገሞራ ፈነዳ!» ተባለ። ባለሙያዎቹ ሲመለከቱት ቅልጥ አለት አልወጣም፤ የወጣው ከመሬት በታች የታመቀ ትኩስ ጋዝና እንፋሎት ነበር። በዚያ ሰሞን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በመንቀጥቀጡ የተነሣ ቤቱን እየለቀቀ ነበር። ያን ሁሉ ለሚያይ ሰው የሚያስደነግጥ እውነት አልጎደለም ነበር። ምን ጭማሪ አስፈለገ?

በዓመቱ ገደማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እዚያው አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የእውነት ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሄደ፣ በረራ አሰረዘ። አርዕስቱም «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ፈነዳ» ሆነ። የሳይንስ መዝገቡ የሚለው ግን «ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ ፈነዳ የሚል የታወቀ መረጃ የለም» ነበር። «አልታወቀም» እና «አልነበረም» አንድ ናቸው? ያ በረሃ በቅጡ ያልተጠና ነው። ጎረቤቴ ትናንት ማታ ምን እንደበላ አላውቅም ማለት ጾሙን አደረ ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ አንድ ጋዜጠኛ ወዳጄ ላይ ደረደርኩበት። አሞራ ገደል ቁጭ ብለን አሳ ጥብስ እየበላን ነው። አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ እየጠበቁ ዙሪያችንን ይጎማለላሉ።

«አንተ ምን አለብህ» አለኝ። «አለቃዬ ስንት ሰው አየው እንጂ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። ባለሙያ ጋ ስደውል ደግሞ 'ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ ይዘህ ና' ይለኛል። ደብዳቤው እስኪፈረም ሌላው ጽፎት ያድራል።»

እውነቱን ነው። የሚያውቅ ሰው አፉን ሲዘጋ የማያውቀው ይናገራል። በ2004 ክረምት የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ሕመም በተመለከተ በቂ ማብራሪያ ስላልነበረ አገሩ በወሬ ተጥለቅልቆ መክረሙን እናስታውሳለን። ሞታቸው በይፋ የተነገረው ነሐሴ 15 ቀን ነበር። ወሬ ባዶ ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ደብዳቤ ጠያቂውም ቢሆን የበደሉ ተካፋይ ነው።

«ግን» አልኩት፣ «ባለሙያው ስልክ ካላነሣ 'አላነሣም' ብለህ መጻፍ አትችልም? 'ወደመች' ያለህ ማን ነው?»

ዝም ብሎ አሳውን ፈለፈለ። ቆይቶ «ስሕተት በሁሉም አገር አለ» አለኝ። አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ድምፅ ተቆጥሮ ሳያልቅ ቸኩሎ «ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ» ብሎ አተመ። ያሸነፈው ትሩማን ነበር። ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይዞ እየሳቀ የተነሣው ፎቶ ዛሬም ድረስ መማሪያ ነው። የእኛዋ «ወደመች» ግን የት አለች? በማግስቱ ብፈልጋት የለችም። ማረሚያ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ ጠፍታለች። የጠፋችው ከስልኩ ላይ ነው እንጂ ከአክስቴ ልብ አይደለም። አርዕስቱ ሲወጣ እንደ ደወል፣ ማረሚያው ሲወጣ እንደ ሹክሹክታ ከሆነ ማረም አይባልም።

ይህን ያህል የምነዘንዘው ያለ ነገር አይደለም። ሀዋሳና ሐይቋ ያረፉት በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ኮርቤቲ የሚባለው እሳተ ገሞራ ከከተማችን በስተሰሜን ቅርብ ነው፤ አልሞተም። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ዘመናትን አብረነው ኖረናል። ነገር ግን አንድ ቀን «ተነሡ፣ ውጡ» የሚል እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ቢያስፈልግ የሚደርሰን በዚያው በዜናው በኩል ነው። ያን ቀን እናምነው ይሆን?

እኛ አንባቢዎችም ንጹሕ አይደለንም። አርዕስቱን ብቻ አንብቦ ለሃያ ሰው የሚልክ ማን ሆነና! የጎረቤት ልጅ ባያነብላቸው አክስቴ ተኝተው ያድሩ ነበር።

በ2017ቱ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባም በተደጋጋሚ ተነቅንቃ ነበር። አንድ ጠዋት፣ አሁን ደግሞ በተራዬ እኔ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ደህና አደሩ? ሌሊት ተሰማዎት?»

«ተሰማኝ እንጂ ልጄ፣ አልጋው ሲንጠኝ ነቃሁ። ልወጣ ነጠላዬን ሳነሣ የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ 'ዜና ላይ ወጥቷል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው' አለኝ።»

«እሺ፣ ከዚያስ ወጡ?»

«ኧረ ወዲያ! ዜና ላይ ከወጣማ ውሸት ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።»