ማን ያልፋል፣ ማን ይቆማል?

የሕንፃ ሞዴል በምንሠራበት ሬቪት ላይ ሁለት ግድግዳ ጫፍ ለጫፍ ስናደርስ ፕሮግራሙ ሳይጠይቀን ያጋጥማቸዋል። ጥጉ ይጸዳል፣ ትርፍ መስመር ይጠፋል፣ ፕላኑም ያለቀለት ይመስላል። ይህ ብዙ ሰዓት ያተርፍልናል። ግን በእያንዳንዱ ጥግ ላይ መወሰን ያለበት ነገር አለ፦ የትኛው ግድግዳ ያልፋል፣ የትኛውስ ደርሶ ይቆማል? ግንበኛ ይህን ሳይለይ ብሎኬት አያነሳም። እኛም ሳንለይ ሞዴል ማስረከብ የለብንም።

መነሻው የግድግዳው ዓይነት ነው። ሬቪት ለግድግዳው ንብርብሮች ከ1 እስከ 5 የቅድሚያ ደረጃ አለው፤ 1 መዋቅር ነው፣ 4 እና 5 የማጠናቀቂያ ሥራዎች ናቸው። ግድግዳዎች ሲገናኙ አነስተኛ ቁጥር የያዘው ንብርብር ሌላውን አቋርጦ ያልፋል። ብሎኬቱ ልስኑን አልፎ ከብሎኬት ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በምንሠራቸው አብዛኞቹ ፎቆች ግን ሸክሙ ያለው በኮንክሪቱ ላይ ነው፤ ብሎኬቱ ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ የሊፍቱን የኮንክሪት ግድግዳና ብሎኬቱን እኩል 1 ብሎ መተው አይገባም። ለኮንክሪቱ 1፣ ለብሎኬቱ 2 ሲሰጥ ኮንክሪቱ ሳይቆረጥ ያልፋል፣ ብሎኬቱ ደርሶ ይቆማል። ሳይት ላይም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ያልተስተካከለ ጥግ ካለ በ«ዎል ጆይንስ» አንድ በአንድ ይታያል። «በት» አንዱን አሳልፎ ሌላውን ያስቆማል፤ «ማይተር» ሁለቱንም በሰያፍ ይቆርጣል። ለብሎኬት ማይተር አልመርጥም፤ እንደዚያ በሰያፍ ተቆርጦ የሚገነባ የብሎኬት ጥግ የለምና።

መጋጠሙን ጨርሶ የሚከለክለው «ዲስአላው ጆይን» ደግሞ በግድግዳው ጫፍ ላይ ባለው ሰማያዊ ነጥብ በቀኝ ክሊክ ይገኛል። ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ጫፎቹ ተደራርበው ከቀሩ ግን ጥጉ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሁለት ባለ 20 ሳንቲሜትር ግድግዳዎች በ3 ሜትር ከፍታ ሲደራረቡ 0.12 ሜትር ኩብ ትርፍ ይመጣል፤ 50 ጥግ ላይ 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። እኔ የምከለክለው ግንባታው ራሱ በሚለያይበት ቦታ ብቻ ነው፦ በሁለት ብሎኮች መካከል ባለው የመስፋፊያ ክፍተት ላይ፣ ወይም አዲስ ግድግዳ ነባሩን ሳይነካ መቆም ሲኖርበት።

በር ሲመጣ ጥያቄው ይጠነክራል። በር የሚቆርጠው የቆመበትን ግድግዳ ብቻ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ እንደ ቀጭን ግድግዳ ለብቻው ከሠራነው፣ በሩ ብሎኬቱን ከፍቶ ሴራሚኩ ፊት ለፊቱ ተዘግቶ ይቀራል። መፍትሔው ሁለቱን በ«ጆይን ጂኦሜትሪ» ማያያዝ ነው፤ ያኔ አንዱ ክፍተት ሁለቱንም ይቆርጣል።

በበሩ ጎንም ልስኑ ወደ መቃኑ ይታጠፍ እንደሆነ የሚወሰነው በግድግዳው ዓይነት ውስጥ ባለው «ራፒንግ» ነው፤ የት ላይ እንደሚያበቃ ደግሞ በሩ ፋሚሊ ውስጥ «ዎል ክሎዠር» የተባለው መስመር ይነግረዋል። ይህ መታጠፍ ግን የሚታየው በፕላን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የመቃኑን ዙሪያ ልስን ከሞዴሉ መጠበቅ አይቻልም። 0.90 በ2.10 ሜትር ለሆነ በር ሁለቱ ጎንና ላዩ 5.10 ሜትር ይሆናል፤ ብሎኬቱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ ሙሉው ጥልቀት ሲለሰን 1 ሜትር ካሬ ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ መቃኑ የሚሸፍነው ተቀንሶ የቀረው በእጅ መጨመር አለበት።

ስለዚህ ፕላኑን ከማውጣቴ በፊት የዝርዝር ደረጃውን ከ«ኮርስ» ወደ «ፋይን» ቀይሬ ጥጎቹንና በሮቹን በተራ እመለከታለሁ። «ኮርስ» ንብርብሮቹን ስለማያሳይ ስህተቱን ይደብቃል። አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ፕሮግራሙ ያጋጠመውን ጥግ ተቀበሉት፤ ግን መጀመሪያ ግንበኛው በዚያው ቅደም ተከተል ሊሠራው እንደሚችል አረጋግጡ።