አራት ላይ ብቻ የሚነፍስ ፋን

የመኪና ማሞቂያም ሆነ ኤሲ አየሩን ወደ ተሳፋሪው የሚያደርሱት በአንድ ፋን ነው። ፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ይቀመጣል። ሙቁም ቀዝቃዛውም ነፋስ አንድ ላይ ከጠፋ፣ ኤሲ ጋዝ ከማስሞላት በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው። ብዙ ሹፌር ግን ብልሽቱን የሚያስታውሰው ክረምት ገብቶ የፊት መስታወቱ ጉም ሲለብስበት ነው።

ፋኑ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ላይ ዝም ብሎ አራት ላይ ብቻ የሚነፍስ ከሆነ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ባላቸው መኪኖች ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች የሚገኙት በሬዚስተር በኩል ነው፤ የመጨረሻው ግን ሬዚስተሩን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ አራት ላይ መሥራቱ የፋኑ ሞተር እንደሚዞርና ፊውዙ ደህና እንደሆነ ያሳያል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሬዚስተሩ ነው። አውቶማቲክ ኤሲ ያላቸው መኪኖች ፍጥነቱን የሚወስኑት በኤሌክትሮኒክ ሞጁል ስለሆነ ይህ ምልክት ለእነሱ አይሆንም።

ሬዚስተሩን መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ ከሶማሌ ተራ የተገዛውን መተካት ነው። ከባዱ ለምን እንደተቃጠለ ማወቅ ነው። ሞተሩ 5 አምፒር ሲስብ ሬዚስተሩ ላይ 6 ቮልት ከቀረ 30 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ያንን ሙቀት የሚያበርደው ፋኑ ራሱ የሚነፍሰው አየር ነው፤ ሬዚስተሩ አየሩ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ የተሰካውም ለዚሁ ነው። የተሳፋሪው ክፍል የአየር ፊልተር በአቧራ ሲደፈን አየሩ ይቀንሳል፣ ሬዚስተሩም ይግላል። ቡሹ የደረቀ ወይም ቅጠል ገብቶ የያዘው ሞተር ደግሞ ከልኩ በላይ ይስባል። ይህ ሳይታይ የተገጠመ አዲስ ሬዚስተር ዕድሜው አጭር ነው።

የሬዚስተሩና የሞተሩ ሶኬቶችም መታየት አለባቸው። 20 አምፒር በሚያልፍበት የላላ ግንኙነት ላይ 1 ቮልት ብቻ ቢጠፋ 20 ዋት ይሆናል፤ ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል። የጠቆረ ሶኬት ከነሽቦው ጫፍ ይቀየራል እንጂ በፕላስተር አይጠቀለልም።

ፋኑ በየትኛውም ፍጥነት የማይዞር ከሆነ መጀመሪያ ፊውዙ ይታያል፤ በብዙ መኪኖች 30 ወይም 40 አምፒር ነው። በተቃጠለው ፊውዝ ፋንታ ሽቦ ማሰር ወይም ከፍ ያለ ማስገባት እሳት መጋበዝ ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ ማስተካከያው አራት ላይ ተደርጎ በቴስተር በሞተሩ ሶኬት ሁለት ጫፎች መካከል ይለካል። አንዱን ጫፍ ከቦዲ ጋር ብቻ መለካት ያሳስታል፤ በአንዳንድ መኪኖች ፖዘቲቩ ሁልጊዜ ሞተሩ ጋ ይደርስና የሚቋረጠው ኔጋቲቩ ነው። የባትሪው ቮልት ደርሶ ሞተሩ ካልዞረ ጥፋቱ የሞተሩ ነው። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ተብሎ ሲመታ የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል። ቮልቱ ካልደረሰ ግን ሪሌዩ፣ ማብሪያውና የኔጋቲቩ መስመር በየተራ ይፈተሻሉ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ነፋሱ የሚያንስበትም ጊዜ አለ። ጉዞ ሲረዝም እየደከመ መጥቶ ኤሲው ለጥቂት ደቂቃ ሲጠፋ የሚመለስ ከሆነ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በረዶ ሠርቷል፤ ይህ የፋን ሥራ ስላልሆነ ፋን መፍታት አያስፈልግም።

ሬዚስተር የሚያስቀይር ባለመኪና መካኒኩን በዚያው ቀን ፊልተሩን አውጥቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ።